ታሪካዊው ቤት የዕውቀት ቤት ሲሆን

ታሪካዊ ቤት ታድሶ በሩ ከተቆለፈ ጥቅሙ ለዓይን ብቻ ነው። ሐረር ግን የተሻለ መንገድ አሳይታናለች። እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በተመዘገበው ጀጎል ውስጥ የሚገኘው የራስ ተፈሪ ቤት ከታደሰ በኋላ የአቶ አብዱላሂ ሸሪፍን ስብስብ ተቀብሎ ሙዚየም ሆነ። እኚህ ሰው ለዓመታት ከየቤቱ ያሰባሰቧቸው በእጅ የተጻፉ ቁርኣኖችና ኪታቦች፣ ጥንታዊ ሳንቲሞችና የዜማ ቅጂዎች ለሕዝብ በቁ። የተጎዱ ኪታቦችም እየተጠገኑ እንደገና ተጠረዙ። ተማሪ፣ ተመራማሪና አዛውንት በአንድ ጣሪያ ሥር የሚማሩበት ቤት ማለት ይህ ነው፤ ዕውቀት መሻት በዕድሜ አይገደብምና።

ውድ ወንድሞችና እህቶች! በየቤታችን ሳጥን ውስጥ ያለው የአያቶቻችን ኪታብ ምስጥ ሳይበላው፣ ለነጋዴም ሳይሸጥ፣ የሚነበብበት ቤት እንፈልግለት።