የዶሮ ሐኪም ከወዴት ይገኛል?

የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ስለ ዶሮ በሽታ ምን አግብቶት ይጽፋል የሚል አንባቢ አይጠፋም። ይሁን እንጂ ከመካከላችን ደብተሩና እርሳሱ በእናቱ ዕንቁላል የተገዛለት ተማሪ ጥቂት አይደለም። በባላገር ቤት በሬው የአባት ነው፤ ዶሮዋ ግን አብዛኛውን ጊዜ የእናት ናት። ያገራችን ዶሮ በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 ዕንቁላል ያህል ብቻ ቢሆንም፥ ለጨውና ለሳሙና የሚሆነው፥ ባልን ሳይጠይቁ የሚወጣው ሳንቲም የሚገኘው ከእርስዋ ነው። እንግዲህ ይህች ሀብት ስትታመም ወዴት ይኬዳል? «ለዶሮም ሐኪም አለ እንዴ?» ብሎ የሚስቅ ብዙ ነው። አለ፤ ነገር ግን መቼና እንዴት እንደሚጠየቅ ማወቅ ያስፈልጋል።

ዶሮን መንደር ለመንደር እየዞረ የሚፈጃት ፈንግል ነው፤ በውጭ አገር ሊቃውንት ዘንድ ኒውካስል ይባላል። የያዛት ዶሮ ትተክዛለች፥ ክንፏን ትጥላለች፥ አፏን ከፍታ ትተነፍሳለች፥ አረንጓዴ ትቀዝናለች፤ ከሞት ብትተርፍም አንገቷ ተጠማዞ የሚቀርበት ጊዜ አለ። በሽታው ክረምት ሊገባ ሲል ይበረታል፤ በበዓል ሰሞንም ዶሮ ከገበያ ወደ ገበያ ሲዘዋወር እርሱም አብሮ ይዘዋወራል።

ፈንግል አንድ ጊዜ ከያዘ መድኃኒት የለውም። ከቫይረስ የሚመጣ ስለ ሆነ፥ ከሱቅ ተገዝቶ በውሃ የሚበጠበጠው ቴትራሳይክሊን አንዳች አይፈይድም፤ ነጭ ሽንኩርቱና አረቄውም እንደዚሁ። ይባስ ብሎ ቴትራሳይክሊኑ ወደ ዕንቁላሉ ይገባና የሚበላው ሰው ሳያውቀው ይወስደዋል። ስለዚህ ሐኪም የሚፈለገው ዶሮዋ ደኅና ሳለች ነው፤ የሚጠየቀውም ክትባት ነው።

ክትባቱ ከባሕር ማዶ የሚጠበቅ አይደለም። ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በቢሾፍቱ እ.ኤ.አ. በ1964 የተቋቋመው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ይሠራዋል። ታዲያ እዚያ የተሠራው ለእናቶቻችን ጓሮ ስለ ምን አይደርስም?

አንደኛው ምክንያት ከታሪክ የመጣ ነው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በቈየው በክፉ ቀን ጊዜ፥ የደስታ በሽታ የሚባለው ቸነፈር ከአሥር ከብት ዘጠኙን ያህል እንደ ፈጀ ይነገራል። በሬ ከሌለ እርሻ የለም፤ እርሻ ከሌለ ሰው ያልቃል፤ አለቀም። ስለዚህ የእንስሳት ሕክምና ሲደራጅ ዓይኑን በከብት ላይ መጣሉ የሚያስወቅሰው አይደለም፤ ደስታም እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም መጥፋቱ ታውጆለታል። ነገር ግን ሐኪሙን ዛሬም «የከብት ሐኪም» ብለን መጥራታችን ራሱ ዶሮዋ የት እንደ ቀረች ይናገራል።

ሁለተኛው ምክንያት ተራ ሒሳብ ነው፤ በእኔ አስተያየት ከታሪኩ ይልቅ የሚጐዳው ይህ ነው። ክትባቱ በጠርሙስ የሚመጣው ለ50፥ ለ100 ወይም ከዚያ ለሚበልጥ ዶሮ ተመጥኖ ነው። ከተበጠበጠ በኋላ ውሎ ማደር አይወድም። አምስት ዶሮ ያላት ሴት ብቻዋን ብትመጣ ሐኪሙ ለአምስት ጠብታ ጠርሙሱን ከፍቶ የቀረውን ሊደፋ ነው። «ሌላ ቀን ነይ» ይላታል። ሴትዮዋም የአንድ ዶሮ ዋጋ የሚያህል የመኪና ከፍላ ዳግመኛ አትመጣም። ሁለቱም እንደየሒሳባቸው ትክክል ናቸው፤ ዶሮዎቹ ግን ያልቃሉ።

መፍትሔው ጠርሙሱን የሚሞላ ሰው መሰብሰብ ነው። ዕድር አለን፥ ማኅበር አለን፤ በአንድ ቀን ከአሥራ አምስት ቤት ዶሮ ማሰባሰብ የሚያቅተው መንደር የለም። ከጐረቤት አንዱ ወደ ቀበሌው የእንስሳት ጤና ኬላ፥ ኬላ ከሌለም ወደ ወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ሄዶ የዶሮውን ቍጥር ይናገርና ቀን ያስቈርጣል። አይ 2 የሚባለው የክትባት ዓይነት መኖሩንም ይጠይቅ። ይህ በአውስትራልያ በክዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ የተገኘ ሲሆን ከሌሎቹ ይልቅ ሙቀትን ይችላል። ይችላል ማለት ግን ፀሐይ ላይ ይዋል ማለት አይደለም፤ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ በጥላ መጓዝ አለበት። መርፌ አያስፈልገውም፤ ለእያንዳንዷ ዶሮ በአንድ ዓይኗ አንድ ጠብታ ነው። በየአራት ወሩ ይደገማል። የታመመችውን ግን አያድናትም፤ ስለዚህ በሽታው መንደር ከገባ በኋላ የተከተበች ዶሮ ብትሞት ክትባቱ ገደላት ብሎ ማማት አይገባም።

በአዲስ አበባና በአካባቢው ዶሮ የሚያረባ ሰው ቢሾፍቱ ወዳለው የዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት መሄድ ይችላል፤ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። ዶሮ በድንገት ከሞተች ሳትበሰብስ፥ በላስቲክ ተጠቅልላ፥ በባዶ እጅ ሳትነካ ብትወሰድ፥ የሞተችው ዶሮ ለቀሩት መዳኛ ምክንያት ትሆናለች።

ይህን ያነበበ ግን በበግና በከብት ላይ እንዳያደርገው። በድንገት ወድቆ የሞተ፥ ከአፍንጫውና ከፊንጢጣው ደም የሚፈሰው እንስሳ አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላልና አይገፈፍም፥ አይበለትም፥ ሥጋውም አይበላም፤ ባለበት ትቶ ሐኪሙን መጥራት ነው። ለበግና ለፍየል ደስታ መሰል ለሚባለው በሽታም ክትባት አለ፤ የወረዳው ሠራተኞች በዘመቻ ሲመጡ ማስከተብ ነው።

ለክረምት ወደ አገራችን ስንመለስ ይህን ጉዳይ ይዞ ጤና ኬላ የሚሄድ ሰው ከየቤቱ አይጠፋም። የክትባቱ ቀን ሲቈረጥ ጎሕ ሲቀድ፥ ዶሮዎቹ ከቆጥ ሳይወርዱ ቢሆን ይሻላል። አንዴ ከተለቀቁ የአሥራ አምስት ቤት ዶሮ ሲያሳድዱ መዋል ነው፤ የተበጠበጠው ክትባት ደግሞ ያን ያህል አይጠብቅም።