የሞተር ሙቀትና እግራችን

ቤሩት ውስጥ እሑድ እሑድ ለዕረፍት የምትወጣ እህት ሞተር ላይ ተፈናጣ ስትሄድ ማየት የተለመደ ነው። ከ2019ኙ የኢኮኖሚ ቀውስ ወዲህ ታክሲው ስለተወደደ ብዙ ሰው ወደ ሞተር ዞሯል። እኔ ለዓመታት የሰው ቤት ሠርቻለሁ፤ አሁን እህቶችን አማክራለሁ። ስለ ደሞዝ ወይም ስለ ኢቃማ ለመነጋገር የመጣች ልጅ ቀሚሷን ትንሽ ገለጥ አድርጋ "ይኼስ ይድናል?" ስትለኝ ቁስሉ ብዙ ጊዜ ያው አንድ ቦታ ላይ ነው፦ የቀኝ እግር ባት፣ በውስጥ በኩል። ምክንያቱን ካወቅሽ መከላከሉ ቀላል ነው፤ ቢደርስብሽም የምታደርጊውን ታውቂያለሽ።

ሙቀቱ ከየት ይመጣል?

ሞተር ከሚያቃጥለው ቤንዚን ለመንቀሳቀሻ የሚያውለው ከሩብ እስከ ሢሶ ያህሉን ብቻ ነው። የቀረው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ከዚህም ብዙው የሚወጣው ከጢሱ ጋር ስለሆነ የጢስ መውጫው ቱቦና ማርሚታው እንደ ምጣድ ይግላሉ። በአብዛኞቹ ትንንሽ ሞተሮች ላይ ማርሚታው የሚገኘው በቀኝ በኩል፣ ከኋላ የሚቀመጠው ሰው እግር አጠገብ ነው።

ሞተሩ ሲሄድ ነፋሱ ያቀዘቅዘዋል። መንገድ ተዘግቶ ሲቆም ግን ነፋሱ ይጠፋና ሙቀቱ በቀጥታ ወደ እግርሽ ይወጣል። በውሃ የሚቀዘቅዙት ሞተሮችም ቢሆኑ ሲቆሙ ማራገቢያቸው ትኩስ አየር ወደ እግር ይነፋል። በሐምሌና በነሐሴ ፀሐይ ደግሞ ይብሳል።

ቆዳችን ብዙ አይችልም። 60 ዲግሪ የሞቀ ነገር በአምስት ሰከንድ ያህል፣ 70 ዲግሪ የሞቀ ደግሞ በአንድ ሰከንድ ያህል ክፉኛ ያቃጥላል። ሲሠራ የቆየ ማርሚታ ከዚያ እጅግ ይበልጣል፤ ስለዚህ ነካ አድርጎ ማለፍ ብቻውን ይበቃል። ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ብረቱ ቶሎ አይበርድም። ለግማሽ ሰዓት ያህል ትኩስ ነው ብለሽ አስቢ።

ከመፈናጠጥሽ በፊት

ቃጠሎው አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው ስትወጪ ወይም ስትወርጂ ነው። ስለዚህ፦

• መጀመሪያ ማርሚታው በየት በኩል እንዳለ እዪ። በቀኝ ከሆነ በግራ ውጪ፣ በግራ ውረጂ። ነጂው ሞተሩን አቁሞ ሁለት እግሩን መሬት ሳያስነካ አትንቀሳቀሺ። ቢቸኩል እንኳ "ቆይ" በይው።

• እግርሽን ማሳረፊያው ላይ አድርጊ። ማሳረፊያ የሌለው ሞተር ላይ እግርሽ ተንጠልጥሎ ማርሚታውን መንካቱ አይቀርም፤ ባትወጪበት ይሻላል።

• ወፍራም የጥጥ ሱሪ ወይም ጂንስ ልበሺ። ስስ የናይሎን ታይት ትኩስ ብረት ሲነካው ይቀልጥና ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ነጠላ ጫማ ሳይሆን ቁርጭምጭሚትን የሚሸፍን ጫማ ይሻላል።

• ረጅም ቀሚስ፣ አባያ ወይም ሻርፕ ካለሽ ሰብስበሽ ያዢ። ጨርቁ ማርሚታው ላይ ከመቃጠሉም በላይ ጎማው ውስጥ ከገባ ጎትቶ ይጥልሻል። ሄልሜት እንዲሰጥሽም ጠይቂ።

• መንገድ ተዘግቶ ሙቀቱ ሲበረታብሽ ዝም ብለሽ አትቻይ። ነጂው ዳር እንዲይዝ ንገሪው፤ ውረጂና ውሃ ጠጪ። የሚያስቸግር ሙቀት ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ከተመላለሰ፣ ባያቃጥልም እንኳ ቆዳው ላይ መረብ የመሰለ ቡናማ ምልክት ሊተው ይችላል።

የምታሳድጊያቸውን ልጆች ይዘሽ ስትወጪም የቆመ ሞተር አጠገብ እጃቸውን ያዢ። የልጅ ቆዳ ስስ ነው፤ ማርሚታው ደግሞ የሚገኘው በእነርሱ ቁመት ልክ ነው።

ከተቃጠልሽ

ወዲያው ውሃ ፈልጊ። በቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ 20 ደቂቃ ሙሉ አፍስሽበት። ሃያ ደቂቃ ረጅም ነው፤ ሰዓት እያየሽ ቁጠሪ። ውሃ ያገኘሽው ዘግይተሽ ቢሆንም፣ ሦስት ሰዓት እስካላለፈው ድረስ ይጠቅማል። በረዶ አታድርጊበት፤ በረዶ ራሱ ቆዳ ይጎዳል። እግርሽ ሳያብጥ ጫማሽንና አልቦሽን አውልቂ። የተጣበቀ ጨርቅ ካለ ግን አትላጪው፤ ለሐኪም ተዪው።

የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ ቡና፣ ዱቄት፣ እንቁላል አትቀቢ። አገር ቤት የለመድነው ነው፤ ነገር ግን ሙቀቱን ውስጥ ያፍነዋል፣ ቁስሉንም ያቆሽሸዋል። በክሎሮክስም አታጽጂው። ቀዝቅዞ ሲያበቃ ወጥ ቤት ያለውን የምግብ መሸፈኛ ስስ ፕላስቲክ ሳታጠብቂ አልብሺው፤ ከሌለ ንጹሕ ጨርቅ ይበቃል። ሕመሙ ከጠናብሽ ፓናዶል በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን ውሰጂ። ውሃ ከቋጠረ አታፍርጪው፤ ያ ቆዳ ከጀርም የሚከላከል ክዳን ነው።

ካውያ፣ የፈላ ዘይት ወይም የምድጃ በር ሲያቃጥልሽም የምታደርጊው ይህንኑ ነው።

ሐኪም ዘንድ የሚያስኬድሽ

ቃጠሎው ከእጅሽ መዳፍ ከሰፋ፤ ቆዳው ከነጣ፣ ከጠቆረ ወይም ጨርሶ የማያምሽ ከሆነ፤ መገጣጠሚያ ላይ ከሆነ ወይም እግሩን ከዞረው፤ ስኳር በሽታ ካለብሽ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ሳትዘገዪ ሂጂ። "አያመኝም" ማለት ሁልጊዜ ደግ አይደለም፤ ቃጠሎው ጠልቆ ነርቩን ሲጎዳ ሕመሙ ይጠፋል። ከቀናት በኋላም መግል ከያዘ፣ ከሸተተ፣ ዙሪያው እየቀላ ከሄደ ወይም ትኩሳት ከመጣ አትጠብቂ። የቴታነስ ክትባት እንደሚያስፈልግሽም ሐኪሙን ጠይቂ።

ሊባኖስ ውስጥ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ140 ይጠራል፤ ክፍያ አይጠይቅም። በሳዑዲ 997፣ በኤምሬትስ 998፣ በኩዌት 112 ነው።

ስለ መደበቅ

ቁስሉን የሚያከፋው ብዙ ጊዜ ማርሚታው አይደለም፤ መደበቁ ነው። እህቶች "ሞተር ላይ መውጣቴን ማዳም ካወቀች ዕረፍቴን ትከለክለኛለች" ብለው ይፈራሉ። ፍርሃቱ ከምንም የመጣ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሆኖም ቁስሉን በጠባብ ሱሪ ሸፍኖ፣ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ሲሠራና ወለል ሲታጠብ በሳምንቱ ይመረቅዛል። ያኔ መደበቅም አይቻልም፤ በእንክብካቤ የሚድነው ሆስፒታል ያስተኛል። ሕመሙን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይሉ የለ?

ለማዳም ረጅም ታሪክ መናገር አይጠበቅብሽም። በሊባኖስ ዓረብኛ "ኢጅሪ ሕተረኢት፣ በዲ ሐኪም" በያት፤ እግሬ ተቃጥሏል፣ ሐኪም እፈልጋለሁ ማለት ነው። ለሐኪሙ ግን በምን እንደተቃጠልሽ በትክክል ንገሪው፤ ሕክምናው በዚያ ላይ ይመሠረታል። እምቢ ካሉሽ ቁስሉን በስልክሽ ፎቶ አንሺና ቀኑን ጽፈሽ ለእኛ ወይም ለምታምኛት እህት ላኪ። የሰው ቤት የምትሠሪው በእነዚህ እግሮች ቆመሽ ነው፤ አገርሽም የምትገቢው በእነርሱ ነው። ሃያ ደቂቃ ውሃ አትንፈጊያቸው።