በአማላጅ የፈረሰ ትዳር፦ የእቴጌ ዌይ ዚፉ ታሪክ

የቻይና ቤተ መንግሥት ተከታታይ ድራማዎችን ስንመለከት ሴራው የተጋነነ ይመስለን ይሆናል። የእቴጌ ዌይ ዚፉን ሕይወት ያነበበ ሰው ግን ደራሲዎቹ ብዙም እንዳልጨመሩበት ይረዳል። (ዓመታቱ በሙሉ ከክርስቶስ ልደት በፊት ናቸው።)

ዚፉ የአገልጋይ ልጅ ስትሆን በሃን ሥርወ መንግሥቱ ንጉሠ ነገሥት ዉ እህት ቤት በዘፋኝነት ታገለግል ነበር። በ139 ንጉሠ ነገሥቱ እህቱን ሊጠይቅ ሄዶ አያትና ወደ ዋና ከተማው ቻንግአን ወሰዳት። ከዚያ ግን ረሳት። ከዓመት በላይ ዞር ብሎም አላያትም። የማይፈለጉ ሴቶች ከቤተ መንግሥት ሲሰናበቱ ፊቱ ቀርባ፣ እሷንም እንዲያሰናብታት እያለቀሰች ለመነችው። በዚህ ጊዜ ልቡ ራራና አስቀራት።

ሦስት ሴቶች ልጆች ከወለደችለት በኋላ በ128 ወንድ ልጅ ሊዩ ጁን ወለደች፤ እቴጌም ሆነች። የተተካችው በጥንቆላ ተወንጅላ የተሻረችውን እቴጌ ቼንን ነበር። የዚፉ ወንድም ዌይ ቺንግና የእህቷ ልጅ ሁኦ ቹቢንግ በጦር ሜዳ ስማቸው የገነነ ጄኔራሎች ሆኑ።

ዓመታት አለፉ። ጀግኖቹ ዘመዶቿ ሞቱ፣ ንጉሠ ነገሥቱም ዓይኑን ወደ ሌሎች ወጣት ሴቶች አዞረ። ባልና ሚስቱ እምብዛም አይገናኙም ነበር።

በ91 ያረጀው ንጉሥ ታመመና የተደገመበት መሰለው። ጉዳዩን እንዲመረምር የሾመው ጂያንግ ቾንግ ከአልጋ ወራሹ ጋር ቂም ነበረው። የእቴጌይቱን ክፍል ወለል ሳይቀር አስቆፈረ፤ በልዑሉ ቤትም የድግምት አሻንጉሊት አገኘሁ አለ። ንጉሡ በዚያን ጊዜ በጋንቹዋን ቤተ መንግሥት ነበር። እናትና ልጅ ቢልኩበትም መልስ አላገኙም። ልዑሉ በጭንቀት ከሳሹን ገደለ፤ እናቱም ጦር መሣሪያ እንዲያወጣ ፈቀደችለት።

ንጉሡ መጀመሪያ ልጄ አመፀ ብሎ አላመነም ነበር። መልእክተኛ ላከ። መልእክተኛው ግን ከተማዋ ለመግባት ፈርቶ ከመንገድ ተመለሰና ልዑሉ አምጿል ሲል ዋሸ። ለአምስት ቀናት ቻንግአን በደም ታጠበች። የእቴጌነት ማኅተሟን የተነጠቀችው ዚፉ ከ37 ዓመታት በኋላ ራሷን አጠፋች። የሸሸው ልጇም እንዲሁ።

እውነቱ ዘግይቶ ተገለጠ። አባትየው በጸጸት ለልጁ መታሰቢያ ቤተ መንግሥት አሠራ። ከቤተሰቡ የተረፈው ሕፃን የልጅ ልጇ ልጅ፣ ከእስር ቤት ወጥቶ አደገና በ74 ንጉሠ ነገሥት ሹዋን ተብሎ ነገሠ፤ ቅድመ አያቱንም በክብር ዳግም አስቀበራት።

ዚፉን እቴጌ ያደረጋት ባሏ ፊት ቆማ የተናገረችው ቃል ነበር። ያጠፋት ደግሞ ያንን ዕድል ማጣቷ። በየቤታችን ማኅተምም ሠራዊትም የለም፤ ኩርፊያና ወሬ አመላላሽ ግን አይጠፋም። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ነገር በሦስተኛ ሰው አፍ ከመዞሩ በፊት ፊት ለፊት መነጋገር ይበጃል።