ሚኒሶታ ስንት ናችሁ?

እኛ ጌዶ ስለ አሜሪካ ወሬ ሲነሳ ኒውዮርክ ብዙም አይጠራም፤ የሚጠራው ሚኒሶታ ነው። ከአምቦ ወደ ነቀምት በሚወስደው መንገድ ዳር ባሉ ከተሞች «ሚኒሶታ ዘመድ አለኝ» የሚል ሰው ብርቅ አይደለም።

ስልካችን ላይ ደግሞ «ሚኒሶታ በስደተኛ ተጥለቀለቀች» የሚል ወሬ በየጊዜው ይዞራል። አንዱ በኩራት ሼር ያደርገዋል፣ ሌላው በንዴት። እስቲ ቁጥሩን አብረን እንየው።

እ.ኤ.አ. በ1990 ቆጠራ ሚኒሶታ ውስጥ ከአሜሪካ ውጭ የተወለደው ነዋሪ 113 ሺህ ገደማ ነበር። በ2000 ከ260 ሺህ በላይ ሆነ። በአሥር ዓመት 130 በመቶ ጨመረ ማለት ነው። በዚያው ጊዜ በመላው አሜሪካ ጭማሪው 57 በመቶ ነበር።

ያስደነግጣል አይደል? ግን ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ሼር የሚያደርግ የለም። በ2000 ከግዛቷ ሕዝብ ውጭ አገር የተወለደው 5.3 በመቶ ብቻ ሲሆን፣ የአገሪቱ 11.1 በመቶ ነበር። መቶኛው የገዘፈው መነሻው ትንሽ ስለነበረ ነው። ሁለት በግ ያለው ሰው ሁለት ሲገዛ ሀብቱ 100 በመቶ አደገ ይባላል፤ በጎቹ ግን አራት ናቸው።

የኛ ሰዎች እንዴት እዚያ ደረሱ? ከደርግ ዘመን ጀምሮ ወደ ሱዳንና ኬንያ ከተሰደዱት ብዙዎቹ በአሜሪካ የ1980 የስደተኞች ሕግ መሠረት ተወሰዱ። ሚኒሶታ ውስጥ የሉተራንና የካቶሊክ የእርዳታ ድርጅቶች ተቀብለው አሰፈሯቸው። ከዚያ ወንድም እህቱን ጠራ፣ ዲቪ የደረሰውም ተጨመረ፣ ሌላ ግዛት የነበረውም ዘመዱንና ሥራውን ተከትሎ መጣ።

ታዲያ ማኅበረሰቡ የሚናገረው ቁጥርና የመንግሥት ቁጥር ለምን አይገጥምም? አንዱ ምክንያት የሚቆጥሩት የተለያየ ነገር መሆኑ ነው። መንግሥት «ስደተኛ» ብሎ የሚቆጥረው በትውልድ አገር ነው። ሚኒያፖሊስ የተወለደች ልጅ ቤቷ ኦሮምኛ ብታወራም እዚያ ውስጥ የለችም። አባቷ ግን «የኛ ሰው» ሲል መጀመሪያ የሚቆጥረው እሷን ነው።

«ቁጥሩ ምን ይጠቅማል?» የምትሉ ካላችሁ ይቺን ስሙ። በ2020 ቆጠራ ኒውዮርክ 89 ሰው ብቻ ጨምራ ብትቆጥር ኖሮ፣ ሚኒሶታ ስምንተኛ የኮንግረስ ወንበሯን ታጣ ነበር። 89 ሰው አንድ ሠርግ ላይ የሚታደም ሰው አይሞላም! ቆጠራው ደግሞ ዜጋ ነህ አይደለህም ብሎ አይለይም፤ ነዋሪውን ሁሉ ይቆጥራል። ከፌዴራል መንግሥት በጀትም ብዙ ገንዘብ የሚከፋፈለው ይህን ቆጠራ ተከትሎ ነው።

በእኛ አገር የመጨረሻው የሕዝብና ቤቶች ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ያኔ የተወለደ ልጅ ዛሬ ስልክ ይዞ ስለ ሚኒሶታ ይከራከራል፤ የራሱን ከተማ ሕዝብ ግን የሚያውቀው በግምት ነው።

ስለዚህ ቀጥሎ አንድ ቁጥር ስልካችሁ ላይ ሲመጣ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ከመቼ እስከ መቼ? ከስንት ተነስቶ? ማንን ቆጥሮ? ሚኒሶታ ዘመድ ያላችሁ ደግሞ ስትደውሉ የዶላር ምንዛሪ ብቻ አትጠይቁ። ቀጣዩ የአሜሪካ ቆጠራ በ2030 ነው፤ ፎርሙን እንዳይዘሉት፣ ልጆቹንም እንዳይረሱ ንገሯቸው።