«ውሻ ያዙልኝ!»

በላስታ ገጠር ሰው ቤት የሚሄድ እንግዳ በር አያንኳኳም። ከአጥሩ ማዶ ቆሞ «ቤቶች! ውሻ ያዙልኝ!» ይላል። አንድ ልጅ ብቅ ብሎ ውሻውን በአንገቱ ይይዘዋል ወይም በዱላ ወደ ጓሮ ይሸኘዋል፤ እንግዳውም ይገባል። በዚህ የሚያፍር የለም። የአገሩ ውሻ ሥራው ይኸው ነው፤ ሌሊት ጅቡን ከበረት፣ ቀን እንግዳውን ከደጃፍ ይከለክላል።

ወዳጄ ግን ይህን የምትለው ከአጥሩ ሳይሆን ከዳገቱ ግርጌ ሆና ነበር፤ በዚያ ላይ ድምፅዋ አይሰማም። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች መምህርት ናት፤ የተመደበችው ከላሊበላ በስተምሥራቅ ባለችው ትንሽ የላስታ ከተማ፣ በኩልመስክ ነው። ከተከራየችበት ቤት እስከ ትምህርት ቤቱ ዐሥር ደቂቃ ቢያስኬድም እሷ ግን በወንዙ በኩል ዞራ ሃያ አምስት ደቂቃ ትሄዳለች፤ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ አንድ ቡላ ውሻ ይተኛላ። ክረምት ወንዙ ሲሞላ ተማሪዎቿ ግራና ቀኝ አጅበዋት በወፍጮው በኩል ያሳልፏታል። «ቲቸር አይዞዎት፣ አይናከስም!» ይሏታል። የስምንት ዓመት ልጅ ሲያደፋፍራት መስማት ከውሻው በላይ ያማት እንደነበር ነግራኛለች።

ነገሩ የተጀመረው በሰባት ዓመቷ ነው። የጎረቤት ውሻ አሯሯጣት፤ አልነከሳትም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? ልዩነቱ፣ ልጡን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ልጥ መሆኑን ያውቃል፤ እሷ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ቀርባ አታውቅም። ሐኪሞች ተራ ፍርሃትን ከሕመም የሚለዩት በዚህ ነው፤ ፍርሃቱ ከአደጋው መጠን ሲያልፍ፣ ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ሲቆይና የሰውን መንገድና ኑሮ ሲያዛባ። የሚያቆየውም መሸሹ ራሱ ነው። ዞራ በሄደች ቁጥር ደረቷ ቀለል ይላታል፤ ያ እፎይታ ደግሞ «ያተረፈሽ መዞርሽ ነው» ብሎ ያስተምራታል። ከሃያ ዓመት በላይ እንዲህ ስትማር ኖራለች።

እኔ ኩልመስክ በነበርኩበት ሰሞን አሜሪካ ያለች አክስቷ በቴሌግራም አንድ ቪዲዮ ላከችላት። አንዲት ሴትዮ ግንባሯንና አገጯን በጣቷ መታ መታ እያደረገች ስለ ፍርሃቷ ታወራለች። ወዳጄ ስልኩን አቀበለችኝና፣ «አንተ የሳይንስ ጽሑፍ ትጽፍ የለ? ይኼ እውነት ነው ወይስ ጥንቆላ?» አለችኝ። ቶሎ መመለስ አልቻልኩም። መልሱ «ሁለቱም አይደለም» የሚል ነውና ረዘም ይላል።

ዘዴው በእንግሊዝኛ ታፒንግ ይባላል፤ በእኛ «መታ መታ ማድረግ» ቢባል ያስኬዳል። ሰውየው መጀመሪያ የሚፈራውን ነገር በዓይነ ኅሊናው ያመጣና ፍርሃቱን ከዜሮ እስከ ዐሥር ይመዝናል። (ወዳጄ «ዐሥራ ሁለት» አለች።) ቀጥሎ ከትንሿ ጣት በታች ያለውን የመዳፍ ጠርዝ በሌላው እጅ ጣቶች እየመታ ስለ ፍርሃቱ አንዲት ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ይናገራል። ከዚያ በሁለት ጣቶቹ ጫፍ፣ እያንዳንዱን ቦታ ከአምስት እስከ ሰባት ጊዜ ቀስ ብሎ እየነካ ይወርዳል፤ የራስ አናት፣ የቅንድብ መነሻ በአፍንጫ በኩል፣ ከዓይን ጎን ያለው አጥንት፣ ከዓይን በታች፣ በአፍንጫና በላይኛው ከንፈር መካከል፣ ከታችኛው ከንፈር ሥር፣ ደረት ከአንገት የሚገናኝበት አጥንት፣ በመጨረሻም ከብብት አንድ ጋት ዝቅ ብሎ። በየቦታው «ይኼ የውሻ ፍርሃት» ይላል። አንድ ዙር ሲያበቃ ትንፋሽ ወስዶ ፍርሃቱን እንደገና ይመዝናል፤ ካልወረደ ይደግማል።

ያቺ ዓረፍተ ነገር ናት ያስቸገረችን። ቪዲዮው ውስጥ ያለችው ሴት «ምንም እንኳ ውሻ ብፈራ ራሴን ሙሉ በሙሉና ከልቤ እቀበላለሁ» የምትል ዓይነት ነገር ትላለች። በአማርኛ ስትባል የመሐላ ቃል ትመስላለች፤ ወዳጄ መሳቅ ጀመረች። አከራይዋ እናት ከምድጃው ማዶ ሆነው ሲሰሙ ቆይተው፣ «ምን አስጨነቃችሁ ልጄ፣ 'ፈራሁ፣ ግን ሰው ነኝ' በይና ተገላገይ» አሏት። እሷም እንዲያው ብላ ቀጠለች። እኔ በበኩሌ ከእንግሊዝኛው የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

የዘዴው አባት ሮጀር ካላሃን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነው። እሱ ራሱ እንደተረከው፣ ነገሩ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1980 አካባቢ ነው። ውኃ የምትፈራ አንዲት ታካሚ ነበረችው፤ ለረጅም ጊዜ ቢረዳትም አልተሻላትም። አንድ ቀን ፍርሃቱ ሆዷ ላይ እንደሚሰማት ስትነግረው፣ ከቻይና ባህላዊ ሕክምና ያነበበው ትዝ አለው፤ የሆድ የኃይል መስመር የሚጀምረው ከዓይን በታች ነው የሚለው። እዚያ ላይ መታ መታ እንድታደርግ ነገራት፤ እንደ ትረካው ፍርሃቷ ወዲያው ጠፋ፣ ወደ መዋኛ ገንዳውም ሮጠች። ካላሃን ከዚህ ተነስቶ ለየፍርሃቱ የየራሱ የነጥቦች ቅደም ተከተል ያለው ሕክምና ሠራ። በ1990ዎቹ ደግሞ ስታንፎርድ የተማረ ጌሪ ክሬግ የሚባል መሐንዲስ ቅደም ተከተሉን ሁሉ ጥሎ ለማንኛውም ነገር አንድ ዓይነት ዙር አበጀ፤ ዛሬ በየስልኩ የሚዞረው ይህ የክሬግ ዘዴ ነው። መሐንዲስ ነገር ሲያቃልል ደስ ይላል፤ ግን ቅደም ተከተሉ ቢጣልም ያው ከሠራ፣ ቀድሞስ ለምን አስፈለገ? ብሎ መጠየቅ ይቻላል።

ጥያቄውን የጠየቁ አሉ። ደግሞ ለእኛ እንዲመች፣ በእንስሳ ፍርሃት ላይ ነው የጀመሩት። እ.ኤ.አ. በ2003 ስቲቭ ዌልስና ባልደረቦቹ አይጥ፣ ሸረሪትና በረሮ የመሳሰሉትን ትንንሽ እንስሳት የሚፈሩ 35 ሰዎችን ለሁለት ከፈሉ። አንዱ ቡድን ለግማሽ ሰዓት መታ መታ አደረገ፣ ሌላው በሆድ ቀስ ብሎ ተነፈሰ። ከዚያ እያንዳንዱ ወደሚፈራው እንስሳ ምን ያህል መቅረብ እንደሚችል ተለካ። መታ መታ ያደረጉት ይበልጥ ቀረቡ፤ የአንዳንዶቹም መሻሻል ከወራት በኋላ ሲታይ እንዳለ ነበር። እዚህ ላይ ያበቃ አንባቢ «እንግዲያስ እውነት ነው» ይላል።

በዚያው ዓመት ግን ካናዳ ውስጥ ዌይትና ሆልደር የተባሉ ተመራማሪዎች 119 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ይዘው ሌላ ነገር ሞከሩ። አንደኛው ቡድን ትክክለኛዎቹን ነጥቦች መታ፤ ሁለተኛው ክንዱ ላይ ማንም ነጥብ ያላላቸውን ቦታዎች መታ፤ ሦስተኛው ራሱን ትቶ አሻንጉሊት መታ። አራተኛው ምንም ሳይመታ የወረቀት መጫወቻ ሲሠራ ቆየ። ፍርሃታቸው የቀነሰው ሦስቱ ናቸው፤ ወረቀት ሲያጥፍ የነበረው አልቀነሰለትም። አሻንጉሊቱን የመታው ከትክክለኛው ነጥብ መቺ እኩል ተሻለው ማለት ነው። አሻንጉሊት ደግሞ የኃይል መስመር የለውም።

ታዲያ ሦስቱን ቡድኖች የሚያመሳስላቸው ምንድን ነው? ሁሉም የሚፈሩትን ነገር እያሰቡ፣ ስሙን እየጠሩ፣ እጃቸውን በሥራ ይዘው ሳይሸሹ ቆይተዋል። ይህ ደግሞ አዲስ ግኝት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1924 ሜሪ ከቨር ጆንስ ጥንቸል የሚፈራ ፒተር የተባለ ሕፃን የሚወደውን ምግብ እየበላ ሳለ ጥንቸሏን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያቀረበች በመጨረሻ እንዲዳብሳት አደረገችው። በ1950ዎቹ ደቡብ አፍሪካዊው ሐኪም ጆሴፍ ዎልፕ ይህን ሥርዓት አስያዘው፤ ፍርሃትን በቁጥር መመዘንንም ያስለመደው እሱ ነው፤ ዎልፕ የመዘነው እስከ መቶ ነበር፣ ታፒንግ ወደ ዐሥር አወረደው። ስዊድናዊው ላርስ ጎራን ኦስት ደግሞ በ1989 እ.ኤ.አ. የእንስሳና የመርፌ ፍርሃት ያለባቸውን 20 ሰዎች በአንድ ቀጠሮ ብቻ፣ ቢበዛ በሦስት ሰዓት፣ ከሚፈሩት ነገር ጋር ደረጃ በደረጃ አጋፍጦ ከመቶ 90ዎቹ በጉልህ እንደተሻላቸው አስነብቧል። ዛሬም ለእንስሳ ፍርሃት ከሁሉ የጠነከረ ማስረጃ ያለው ይኸው መጋፈጥ ነው።

እንግዲህ ለወዳጄ ያልኳት ይህን ነበር፦ ጣትሽ ፍርሃትሽን አያወጣውም፣ ነገር ግን እግርሽን ሊያስቆመው ይችላል። ጣትን ዝቅ አድርጌ አይደለም። ሕፃን ሲደነግጥ እናት ጀርባውን እየመታች እሹሩሩ ትለዋለች፤ የደነገጠ አዋቂ ውኃ ይጎነጫል፣ ያማትባል። ሰው መንቀጥቀጥ ሲጀምር እጁ የሚሠራው ነገር ይፈልጋል። ስህተቱ የሚመጣው፣ መታ መታው ቤት ውስጥ ተቀምጦ ብቻ ተደርጎ ውሻው ሳይታይ ሲቀር ነው። ቁጥሩ ከዐሥራ ሁለት ወደ አራት ይወርድና ወፍጮ ቤቱ ጋ ሲደርሱ ተመልሶ ይወጣል።

ስለዚህ ጣቱንም ደረጃውንም አንድ ላይ አስኬድነው። የመጀመሪያው ምሽት ስልክ ላይ የውሻ ፎቶ ነበር። በማግስቱ አከራይዋ ቤት ገና ዓይኑን የገለጠ ቡችላ፣ በልጅ እቅፍ፣ ከክፍሉ ማዶ። እሷ ቅንድቧን ትመታለች፣ ልጁ አንድ እርምጃ ይቀርባል፤ ቁጥሩ ከወረደ ሌላ አንድ፣ ካልወረደ ይቆማል። የሚቆመው ግን እዚያው ነው፣ ወደ ኋላ አይሄድም። በሦስተኛው ቀን ቡችላው እጇን ላሰ፤ ጮኸች፤ ቀጥላ ሳቀች፤ እጇን ግን አልሳበችም። ከዚያ የታሰረ ትልቅ ውሻ፣ ከዚያም ሌላ። ሌላው ያስፈለገው አእምሮ አሮጌውን ፍርሃት ስለማይፍቀው ነው፤ አጠገቡ አዲስ ትምህርት ይጽፋል፣ ያም ትምህርት በአንድ ውሻ ላይ ብቻ የተጻፈ ከሆነ ሁለተኛው ውሻ ሲመጣ አይነበብም።

አንድ ነገር ላይ ግን አልተደራደርንም። በእኛ አገር ውሻን መፍራት ከነጭራሹ ሞኝነት አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ ሰውን ከገደለባቸው አጋጣሚዎች እስከ 99 በመቶ የሚሆነውን ያስተላለፈው ውሻ እንደሆነ የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። ባለቤት የሌለው፣ የሚለሃጭ፣ አካሄዱ የተዛባ ውሻ ሲመጣ ቅንድብ የሚመታ ሰው የለም፤ ይሸሻል። የተነከሰ ሰው ደግሞ ቁስሉን በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል አጥቦ፣ ውሎ ሳያድር ለክትባት ወደ ጤና ተቋም ይሄዳል። ለአንድ ውሻ የሚሆን ድፍረትም ለሌላ ችግር አይዋስም። ጦርነት ያየ፣ የተደፈረ፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው በስልክ ቪዲዮ ብቻ ልታከም ቢል አልስማማም። ሩዋንዳ ውስጥ ከጭፍጨፋው የተረፉ ወጣቶችን በካላሃን ዘዴ የረዱ ሰዎች ጥሩ ውጤት አገኘን ብለው ጽፈዋል፤ እነሱም ቢሆኑ ሠልጥነው ነው የሄዱት። ላስታ ውስጥ እንዲህ ያለ ባለሙያ ማግኘት ቀላል አይደለም፤ አገሪቱ ራሷ ለብዙ ዘመን የአእምሮ ሕሙማንን ሸክም አዲስ አበባ ባለው አማኑኤል ሆስፒታል ላይ ጥላ ኖራለች። ሰው ወደ ቪዲዮው መሄዱ ስለዚህ አይገርመኝም።

ከኩልመስክ ልመለስ ስል ጠዋት አብረን ወጣን። ወንዙ ጎድሎ ነበር፤ በዚያ በኩል መዞር ትችል ነበር፣ አልዞረችም። ወፍጮ ቤቱ ጋ ቡላው ውሻ እንደ ልማዱ ዱቄት በተበተነበት አፈር ላይ ተዘርግቷል። የግራ እጇ ጣቶች የቀኝ መዳፏን ጠርዝ ሲመቱ አያለሁ፤ በቀኝ እጇ ደግሞ የአገሩ ሰው እንዳስተማራት አንድ ጠጠር ይዛለች። «ስንት ነው?» አልኳት። «ሦስት። ዝም በል።» ውሻው አንድ ጆሮውን አነሳ፣ መልሶ ጣለው። ከወፍጮው አልፈን ለስንብት ቡና ወደ ጠሩን ቤት ስንደርስ አጥሩ ጋ ቆመች፤ ከዳገቱ ግርጌ አይደለም፣ አጥሩ ጋ፣ ማንም እንግዳ በሚቆምበት ቦታ። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «ቤቶች! ውሻ ያዙልኝ!» አለች።