47 ከመቶ፦ ከማን ላይ ነው የተሰላው?

ወገኖች፣ ዛሬ እዚህ ጅቡቲ፣ ሄሮን ሰፈር በአንድ ስብሰባ ላይ «ከጅቡቲ ሕዝብ 47 ከመቶው ሥራ አጥ ነው» የሚል ስላይድ ቀረበ፤ ጠያቂም አልነበረም። ማታ ደግሞ ግሩፓችን ውስጥ «ሥራውን የሐበሻ ሾፌር ስለወሰደው ነው» የሚል ተጨመረበት። የሥራ ገበያ መረጃ እንጀራዬ ነውና ዝም ብዬ አላልፈውም።

1. 47 ከመቶ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ2017 ከተካሄደው የቤተሰብ ጥናት (ኤዳም 4) ነው። ሰፊውን የሥራ አጥነት ትርጉም ስለሚጠቀም ተስፋ ቆርጦ ሥራ መፈለግ የተወውንም ይጨምራል። የዓለም የሥራ ድርጅት ግምት ከ26 እስከ 28 ከመቶ አካባቢ ነው፤ እሱ የሚቆጥረው ባለፉት 4 ሳምንታት ሥራ የፈለገውን ነው።

2. በሳምንቱ 1 ሰዓት ብቻ ለገቢ የሠራም «ሥራ ያለው» ነው። መንገድ ዳር ጫት የምትሸጠው እህታችን ሥራ አጥ ተብላ አትቆጠርም።

3. የቤተሰብ ጥናት የሚጠይቀው ነዋሪን ነው። በጋላፊ ድንበር ገብቶ፣ ዶራሌ ወደብ ጭኖ የሚመለስ ሾፌር ቤቱ ኢትዮጵያ ስለሆነ እዚህ ስሌት ውስጥ የለም። በዚህ ቁጥር እሱን መክሰስ አይቻልም!

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። «ከሕዝቡ» ማን አላችሁ? ሥራ አጥነት የሚሰላው ከሥራ ኃይሉ ነው፤ ሥራ ያላቸውና ሥራ አጦች ተደምረው ማለት ነው። ሕፃኑ፣ ሥራ የሌለውና የማይፈልገው ተማሪና ጡረተኛ የሉበትም።

100 ለሥራ የደረሱ ሰዎች ውሰዱ። 50ዎቹ ሥራ አይፈልጉም፤ 30ዎቹ ይሠራሉ፤ 20ዎቹ ሥራ እየፈለጉ ነው። 20 ከ50፣ ሥራ አጥነቱ 40 ከመቶ ነው። ከ20ዎቹ 10ሩ ተስፋ ቆርጠው መፈለግ ቢያቆሙስ? በዓለም የሥራ ድርጅት አቆጣጠር 10 ከ40፣ 25 ከመቶ! አንድም ሰው ሳይቀጠር ቁጥሩ በ15 ነጥብ ወረደ። የሆነ ባለሥልጣን ደግሞ ወጥቶ «ሥራ ፈጠርን» ይላችኋል።

አገራችንም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በተካሄደው ጥናት የኢትዮጵያ ሥራ አጥነት 8 ከመቶ፣ የከተማው ግን 18.7 ከመቶ ነበር። ገጠር ውስጥ እርሻ ላይ የሚውል ብዙ ሰው «ሥራ ያለው» ስለሚባል 8ቱ የከተማውን ወጣት ችግር ይሸፍነዋል። ጅቡቲን «47» ኢትዮጵያን «8» ብሎ ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ ሰው የተለያየ ጥናትና የተለያየ ዓመት ቁጥሮችን እያምታታ ነው።

ቁጥሩን የሚያወጡ መሥሪያ ቤቶችም ከተጠያቂነት አያመልጡም። ትርጉሙ ሪፖርት ውስጥ ተቀብሮ ቁጥሩ ብቻ ሲወጣ ዝም ማለት የለባቸውም። የ2017 ቁጥር ዛሬም ዓመቱ ሳይጻፍበት ይዞራል። በዚህ ላይ ተመሥርቶ ስደተኛ ይወገዛል።

ስለዚህ ቁጥር ከመለጠፋችሁ በፊት የየትኛው ዓመት ነው? በየትኛው ትርጉም? ከማን ላይ የተሰላ? በሉ። ከጎኑም ለሥራ ከደረሱት ውስጥ ስንቱ እንደሚሠራ ጠይቁ፤ በምሳሌዬ 30 ከመቶ ነበር፣ ሰው ተስፋ ቢቆርጥም አልተነቃነቀም። እነዚህ መልሶች የሌሉት ፖስት ካያችሁ ሼር አታድርጉ።