ስኮላርሺፑ ሲያልቅ የአንድ ወር ዋጋ ስንት ነው?

የሦስተኛ ዲግሪ ስኮላርሺፕ በአብዛኛው በ4 ዓመት ይታሰራል። በሰሜን ወሎ፣ በመርሳና በሀብሩ ማሳ ላይ የሚሠራ ጥናት ግን የሚቆጠረው በመኸርና በበልግ ነው። ዝናቡ ያልሰጠበትን የማሽላ ሙከራ በሚቀጥለው ወር መድገም አይቻልም፤ ሌላ ክረምት መጠበቅ ግድ ይላል። የሁለት መኸር መረጃ የሚያስፈልገው ተማሪ አንዱን ካጣ የአንድ ዓመት በጀት አጣ ማለት ነው።

ሰሜን ወሎ ያጣችው ደግሞ ዝናብ ብቻ አይደለም። ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 በሰሜኑ ጦርነት ተይዛ ቆየች፤ ዩኒቨርሲቲዋም ተዘረፈ። በነሐሴ 2015 በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተከተለ፤ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ፤ መንገዱም ሲዘጋና ሲከፈት ከረመ። ከዩኒቨርሲቲው መርሳ ካምፓስ ወይም ከሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ለትምህርት የተላከ ባለሙያ 4 ዓመቱ ያለቀው በዚህ መሀል ነው። በጥር 2017 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ሲያቆም በዩኤስኤአይዲ ገንዘብ የሚካሄዱ የግብርና ምርምሮችም በየቦታው ተቋረጡ።

እንግዲህ ጊዜው አልቋል፣ የምርምር ገንዘቡ ተዘግቷል፣ ቀሪው ሁለት ምዕራፍ መጻፍ ነው። አብዛኛው ሰው በዚህ ሰዓት የሚጠይቀው «ከየት ላግኝ?» ብሎ ነው። እኔ ቀድሞ መጠየቅ ያለበት «አንድ ወር ብዘገይ ስንት ያስከፍለኛል?» የሚለው ነው እላለሁ። መልሱ የሚገኘው በወረቀትና በእርሳስ ነው።

ለምሳሌ ያህል እንውሰድ። ተማሪው ተመርቆ ሲመለስ ደመወዙ በወር 5,000 ብር ይጨምርለታል እንበል። በ2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ ከ14,000 ብር በላይ ባለው ደመወዝ ላይ 35 በመቶ ይቆረጣል፤ የጡረታ 7 በመቶ ይጨመርበታል። ጭማሪው ሁሉ ከዚህ ወሰን በላይ ከሆነ እጁ ላይ የሚደርሰው 2,900 ብር ነው። ለትምህርቱ አዲስ አበባ በመቆየቱ ለቤት ኪራይና ለአስቤዛ ከደመወዙ በላይ በወር 9,000 ብር ያወጣል ብንል፣ የአንድ ወር መዘግየት ዋጋ 11,900 ብር ሆነ ማለት ነው።

አሁን በኤክስቴንሽን (በማታ) ፕሮግራም የማስተማር ሥራ መጣ፤ በወር 7,000 ብር ይከፍላል። ኪስ ለደረቀበት ሰው ትልቅ ገንዘብ ነው። ነገር ግን በ3 ወር ያልቅ የነበረው ጽሑፍ በዚህ ምክንያት 6 ወር ከፈጀ፣ የተገኘው 42,000 ብር፣ የተጨመሩት 3 ወራት ወጪ 35,700 ብር ነው። ትርፉ 6,300 ብር ብቻ። 8 ወር ከፈጀማ 56,000 ብር ተገኝቶ 59,500 ብር ወጣ፤ ሲለፋ ከርሞ ከሰረ። ልምድ ያላቸው አማካሪዎች «ሥራ ጀምሯል» የተባለ ተማሪ የሚያሳስባቸው ለዚህ ነው።

ላኪ ተቋሙ የሚከፍለው ደመወዝ ጭራሽ ለተቋረጠበት ሰው ስሌቱ ይከብዳል፤ የዛሬ እራት በነገ ደመወዝ አይበላም። እዚህ ላይ ብድር አስፈላጊ ነው፤ ግን የሚያልቅበት ቀን ያለው ብድር። ከመምህራን የቁጠባና ብድር ማኅበር ወይም ቀድሞ ከተገባ ዕቁብ፣ የዲፌንሱ ቀን ከአማካሪ ጋር ከተቆረጠ በኋላ፣ ለተቆጠሩ ወራት መውሰድ ተገቢ ነው። ቀን ሳይቆረጥ የሚወሰድ ብድር ግን መዘግየቱን ራሱን ያራዝመዋል።

ላብራቶሪ የማይፈልግ ከሆነ ጽሑፉን ይዞ ወደ ወልድያ ወይም መርሳ መመለስም ያዋጣል። በቤተሰብ ቤት ኪራይ የለም። በአንጻሩ ለቅሶውና ሠርጉ ይጠብቃል፤ መብራቱና ኔትወርኩም አይታመንም። ከመሄድ በፊት የሚያስፈልጉትን ጽሑፎች ሁሉ አውርዶ መያዝ ያሻል።

በዶላር የሚከፈለውን ደግሞ አትርሱ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ለኅትመት 1,000 ዶላር የሚጠይቅ ጆርናል 57,000 ብር የነበረው ከ100,000 ብር በላይ ሆነ። ብዙ ታላላቅ አሳታሚዎች ግን ሙሉ በሙሉ በነፃ በሚነበቡ ጆርናሎቻቸው ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው አገሮች ለሚጽፉ ተመራማሪዎች ክፍያውን ይተዋሉ፤ ኢትዮጵያም በዝርዝሩ ውስጥ አለች። ጥያቄው የሚቀርበው ጽሑፉ ሲላክ ነው፤ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ብዙዎቹ አያዩትም። ይህን ባለማወቅ ከኪሳቸው የከፈሉ ወጣቶች ያሳዝኑኛል።

ላኪ ተቋማትንም የሚመለከት ጉዳይ አለ። 4 ዓመት ደመወዝ የተከፈለለት ሰው በመጨረሻው ግማሽ ዓመት ቢቆም፣ ተቋሙ የከፈለውን ሁሉ በከንቱ ከፈለ። በጦርነት የጠፋው ወር በ4 ዓመቱ ውስጥ ሊቆጠር አይገባም፤ ከዚያ በኋላም የ6 ወር ደመወዝ፣ በየወሩ ለአማካሪው በሚቀርብ ምዕራፍ ላይ ተመሥርቶ ቢሰጥ፣ ምትክ ሰው ከመጀመሪያው ከማስተማር እጅግ ይረክሳል። ተማሪው ሲሄድ ውል ፈርሟል፣ ዋስም ጠርቷል። ትምህርቱ ከተጓተተ ስጋቱ የሚደርሰው ለዚያ ዋስ ጭምር ነው። ስለዚህ የጊዜ ማራዘሚያ ጥያቄው ደመወዙ ከመቋረጡ ብዙ ወራት በፊት፣ ከአማካሪው ደብዳቤና ከቀሪው ሥራ የወር በወር ዕቅድ ጋር፣ ለላኪው ተቋም በጽሑፍ መግባት አለበት፤ ግልባጩም ለዋሱ ይድረሰው።